የተወለወለው መዘውር

ፊደል አልቆጠርኩም፤ ቆሻሻ ግን ከሩቅ አነባለሁ። ለከተማው ውሃ የሚገፋውን የፓምፕ ቤት አሥራ ዘጠኝ ዓመት አጽድቻለሁ። ከእጄ አቧራ አምልጧል የሚል ካለ ይምጣና ፊቴ ቆሞ ይናገር። የእህቴ ባልም እዚያው መካኒክ ነበር።

ዛሬ ያ ቤት መጠጥ ቤት ሆኗል። የእህቴ ባል «ከመሞቴ በፊት ማሽኖቼን ልያቸው» ብሎ ለመነኝ። እህቴ በዚያ ደጅ አላልፍም ስላለች እኔ አብሬው ሄድኩ። በሩ ላይ የተጻፈውን ቀስ ብሎ አነበበልኝ፤ «ሰካራሙ መካኒክ» ይላል። ዕድሜ ልኩን አንድ ብርጭቆ ቢራ ያልቀመሰ ሰው!

ሞተሮቹ የነበሩበት ቦታ ሶፋ ተደርድሯል። ያልተነካው ውሃውን የሚከፍተውና የሚዘጋው የዋናው ቧንቧ መዘውር ብቻ ነው። አሳላፊው ማንነታችንን ሳያውቅ ታሪኩን አወራልን። ዋናው ቧንቧ ተሰንጥቆ ስለነበር፣ ተረኛው ከልክ በላይ እንዳይከፍት መካኒኩ መዘውሩ ላይ በጠመኔ ምልክት ማድረግ ነበረበት አለ። ሰክሮ ረሳ፤ ተረኛው እስከ መጨረሻው ከፈተው፤ ቧንቧው ፈንድቶ የታችኛው ሰፈር በጭቃ ተሞላ፤ ሰውየውም ተባረረ። ጎረቤት ጠረጴዛ ያሉት ለሰካራሙ ብለው ብርጭቆ አነሱ።

ምልክቱ ግን ነበር። ነጭ ጭረት ነው፤ የወለወልኩትን ነሐስ ያበላሸብኝ መስሎኝ በዘይት ጨርቅ ጠረግኩት። በማግስቱ አለቃው ምልክት አይተሽ ነበር ወይ ሲለኝ፣ አላየሁም አልኩ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። እንጀራዬን ፈርቼ ነው ብል ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ኩራት ነው፤ እኔ ጽዳት ላይ ተሳሳትኩ ልል ነው እንዴ?

ከዚያ ወዲህ የእህቴ ባል በር ቆልፎ ሦስት ጊዜ እየተመለሰ የሚያይ ሰው ሆነ። «ተመላሹ» ብዬ ስም ያወጣሁለት እኔው ነኝ። የልጅ ልጆቹ ሳይቀሩ በዚያ ይጠሩታል።

አሳላፊው ሲጨርስ የእህቴ ባል ፈገግ አለና፣ «አዎ፣ ረስቶት ነው የሚሆነው» አለ።

ያቺ ፈገግታ ጨረሰችኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በሆዱ ሐሰት ነው እያለ የሚኖር ይመስለኝ ነበር። ለካስ አምኗቸዋል።

«አልረሳህም» አልኩት። «እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

አሳላፊው የአሮጊት ቀልድ መስሎት ሳቀ። ዝም በል አልኩት።

የእህቴ ባል ወደ መዘውሩ ዞረ። ከዚያ ምልክቱ የት ጋ እንደነበር ጠየቀኝ። ተነስቼ በጣቴ አሳየሁት። መዘውሩን ዳበሰው፤ ከዚያ የገዛ እጁን ገልብጦ እንደማያውቀው ሰው እጅ አየው።

ይቅር በለኝ አልኩት። በሕይወቴ ለማንም ብዬው አላውቅም።

«እኔን ተይኝ» አለ። «ሚስቴ በእኔ እያፈረች አርጅታለች። ሂጂና ለእሷ ንገሪያት።»

አብሬሽ ልሂድ አላለኝም። ስምንት ቤት አልፌ የእህቴ ደጅ ደረስኩ። ይህን ስለታም ምላሴን የተማርኩት ከእሷ ነው። አንኳኳሁ። ማነው አለች።

«እኔ ነኝ» አልኩ፤ ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል ግን አፌ ውስጥ ፈልጌ አጣሁት።