እናትዓለም የጠራችው ስም

አስናቀ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ዕቃ ግምጃ ቤት የሚሠራ፣ ዝምተኛ፣ ልቡ ያሰበውን ፊቱ የሚያሳብቅበት ሰው ነበር። በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ዓመተ ምሕረት፣ በጥር ወር አንድ ቅዳሜ፣ መብራት ጠፍቶ ማሽኖቹ ስለቆሙ ሠራተኛው ሁሉ ተለቀቀና እሱም ባልተለመደ ሰዓት ወደ ቤቱ መጣ። የግቢው በር ከውስጥ ተቀርቅሯል። በዚያ ዘመን ባሕር ዳር ውስጥ በሩን ሳይቀረቅር የሚውል ሰው ስላልነበረ ይህ አላስገረመውም። አንኳኳ።

ያስገረመው ከዚያ በኋላ የሰማው ነው። ከውስጥ የሩጫ ኮቴ ተሰማ። የሚስቱ የወለላ አረማመድ አይደለም፤ ከበድ ያለ ነው። ቀጥሎ የቆርቆሮ በር ጓ ብሎ ተዘጋ። ወዲያው የሁለት ዓመት ልጁ የእናትዓለም ጩኸት ግቢውን ሞላው።

«ወለላ! ክፈቺ እንጂ!»

ዘገየች። ስትከፍት ልጂቱን ታቅፋ፣ ግንባሯን በነጠላ ጫፍ አፍና ይዛለች። ነጠላው ደም ለብሷል።

«ምን ሆነች?»

«ወድቃ ነው። ደረጃው ድንጋይ ላይ ወድቃ።»

ነጠላውን ገለጥ አድርጎ አየ። ከግራ ቅንድቧ በላይ ቆዳው በምላጭ እንደተቀደደ ቀጥ ብሎ ተከፍቷል። ወለላ የተወቀጠ ቡና ደፍታበት ነበር፤ ደሙ ግን ቡናውን እያጠበ ይወርዳል። አስናቀ ዞር ብሎ ድንጋዩን አየው። ጠብታ የለበትም። የደሙ ነጠብጣብ የሚጀምረው ከማድ ቤቱ ጀርባ፣ ማገዶ ከሚቀመጥባት ክፍል ደጃፍ ነው። የቆርቆሮ በሯ ላይ ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል። በረንዳው ላይ ደግሞ ምሳ የቀረበበት ትሪ ነበር፤ እንጀራው በሁለት ወገን ተቆርሷል።

ልጂቱ ግን እየደማች ነው። ሮጦ ጋሪ ጠራ።

ፈረሱ ሶምሶማ እየረገጠ ወደ ሆስፒታሉ ሲወስዳቸው አስናቀ በልቡ ያለፉትን ሳምንታት አንድ በአንድ መለሳቸው። ሸሚዙ ከገመድ ላይ ጠፍቶ፣ «ሌባ ወሰደው» ብላው ነበር። እንጀራው ቶሎ ቶሎ ያልቃል። የማገዶ ክፍሏን ቁልፍ ድሮ ግድግዳው ላይ ትሰቅለው ነበር፤ አሁን ከመቀነቷ አይለይም። አንድ ምሽት ድንገት ወደ ጓሮ ብቅ ሲል ከማድ ቤቱ ስትወጣ አግኝቷት፣ ደንግጣ ሣህኑን ከእጇ ጥላዋለች። ያኔ ስቆባት ነበር። ከቤቱ ወንድ አለ። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

በድንገተኛ ክፍሉ በር ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ደግሞ ጓድ አምባቸው ተቀምጦ ነበር። አምባቸው የቀበሌያቸው የአብዮት ጥበቃ ኃላፊ ነው። ጥርሱን ታሞ ጉንጩ አብጧል፤ ሽጉጡን ግን እንደታጠቀ ነው። ይህ ሰው በስብሰባ ላይ አስናቀን በሕዝብ ፊት እያስነሣ፣ «ወንድምህ የት ነው?» ሲለው ከርሟል። ታናሽ ወንድሙ አምሐ የኮሌጅ ተማሪ ነበር፤ ጓደኞቹ ሲታፈሱ እሱ ተሰወረ። አስናቀም በተጠየቀ ቁጥር፣ «አላውቅም፤ እናታችን አገር ቤት አንበሳሜ ተቀምጣ ታለቅሳለች፤ እኔም አላውቅም» ይላል። እውነቱን ነበር። እውነት መሆኑ ከፊቱ ስለሚነበብ እስካሁን ሳይነኩት ቆይተዋል።

«ምን አገኛት?» አለ አምባቸው በታፈነ ድምፅ።

«ወድቃ ነው» አለ አስናቀ።

ነርሷ ሲስተር የሺአረግ ትባላለች። ልጂቱን አልጋው ላይ አስተኝታ ቡናውን በውኃ እያጠበች ተቆጣች። «ቁስል ላይ ቡና አትድፉ ስንል ነው የኖርነው! ይሄ መሰፋት አለበት። ምንድን ነው የመታት?»

«በር ነው» አለች ወለላ።

አስናቀ ቀና ብሎ አያት። ለእሱ ድንጋይ፣ ለነርሷ በር! ወለላ ዓይኗን ሰበረች። አምባቸውም ጉንጩን እንደያዘ ደጃፉ ላይ መጥቶ ቆሞ ነበር።

አስናቀ የልጁን ራስ በሁለት እጁ ያዘ፤ ወለላ ከግርጌ እግሮቿን ያዘች። የማደንዘዣው መርፌ ሲገባ እናትዓለም ትንፋሿ እስኪቆም ጮኸች።

«አማ! አማ መታኝ! አማ በር!»

የሲስተር የሺአረግ እጅ ቆመ። ወለላን አየቻት። «እናቷ፣ አንቺ ነሽ የመታሻት?»

ወለላ ራሷን ነቀነቀች። «አዎን። እኔ ነኝ። ተናድጄ በሩን ወረወርሁባት።»

አስናቀ ጆሮውን አላመነም። ይህች ሴት ልጇን በጥፊ እንኳ ነክታ አታውቅም። ልጅ ደብዳቢ ተብላ በሰው ፊት ለመዋረድ የደፈረችው ማንን ልትሸሽግ ነው? ያ ሰው ይህን ያህል ይወደዳል? ከነርሷ ፊት በቅናት ሊጮህባት ጥቂት ቀርቶት ነበር።

ልጂቱ ግን ከመዳፎቹ መካከል ዓይኗን አዙራ እናቷን ፈለገች። እጇንም ዘረጋች። «እማ! እማ፣ ነይ!»

እማ።

አስናቀ ቃሉን በልቡ ደገመው። እናቷን የጠራችው እማ ብላ ነው። ታዲያ አማ ማነው? ባለፉት ሳምንታት ከሥራ ሲገባ ልጂቱ ወደ ጓሮ እየጠቆመች አማ፣ አማ ስትለው፣ እናቷን ማለቷ እየመሰለው፣ «አዎ፣ እማዬ ማድ ቤት ናት» ይላት ነበር። አማ። አምሐ። የልጁን ራስ እንዳይለቅ አልጋው ላይ ተደገፈ። ወንድሙ በሕይወት አለ። ወንድሙ ከራሱ ግቢ ውስጥ፣ እሱ ከሚተኛበት አልጋ በድንጋይ ውርወራ ያህል እንኳ የማይርቅ ቦታ፣ አለ።

«እናቷን እማ ነው ያለቻት» አለ አምባቸው ከበሩ። እሱም ሰምቷል። «አማ የምትለው ማንን ነው?»

አስናቀ በዕድሜው ዋሽቶ አያውቅም ማለት ይቻላል፤ ልዋሽ ሲልም ጆሮው ይቀላበታል። አሁን ግን ፊቱን ከልጁ ግንባር ሳይነቅል ተናገረ።

«አባ ማለቷ ነው። አፏ ገና አልተፈታም። በሩን የገፋሁት እኔ ነኝ፣ ጓድ። ወለላ እኔን ላለማሳጣት ነው።»

«አንተ ፋብሪካ አልነበርህም?»

«መብራት ጠፍቶ ለቀቁን። ባንኳኳ ባንኳኳ አልከፍት አለች። ተናድጄ በትከሻዬ ስገፋው ልጂቱ ከኋላው ኖራለች። አፍሬ ነው ወደቀች ያልሁት።»

ማፈሩስ እውነት ነበር። አምባቸው ትኩር ብሎ አየው። አስናቀ ልጂቱ አሁን አባ ብላ እንዳትጠራው በልቡ ጊዮርጊስን ተማጠነ።

«ጓድ፣ ክፍሉ ጠባብ ነው» አለች ሲስተር የሺአረግ ክሩን መርፌው ላይ እያጠበቀች። «ይህችን ልስፋና ወደ እርስዎ እመጣለሁ። ውጭ ይጠብቁኝ።»

ሄደ። እሷም ጎንበስ ብላ ሰፋች።

ሲመለሱ ባለጋሪው ስለሚሰማ አልተነጋገሩም። ግቢ ገብተው በሩ እንደተቀረቀረ አስናቀ እጁን ዘረጋ። «ቁልፉን ስጪኝ።» ወለላ ከመቀነቷ ፈትታ ሰጠችው።

አምሐ ከማገዶው ኋላ ወጣ። ጺሙ አድጓል፣ ጉንጩ ጎድጉዷል፤ የለበሰው የአስናቀን ሸሚዝ ነው። «ጋሼ፣ ዓይኗ ተረፈ?» አለ መጀመሪያ። «ስታንኳኳ ስሮጥ ከኋላዬ መከተሏን አላየሁም። ማርያምን አላየሁም!»

«ተርፏል» አለ አስናቀ። አቅፎት ብዙ ቆየ። ከዚያ ወደ ሚስቱ ዞረ። «እኔን ደበቅሽኝ? የእናቴን ልጅ?»

«አንተን ብነግርህ ፊትህ ለአምባቸው ይነግረው ነበር» አለች። «አላውቅም ስትል የሚያምኑህ ስለማታውቅ ነው።» ቀና ብላ አየችው። «በጋሪው ላይ ሳለን ግን ምን ነበር የምታስበው? እንደዚያ ዓይንህ ሲያስፈራኝ አላየሁም።»

አስናቀ ፊቱን አዞረ። ወለላ ገባት። ፊቷ ጠቆረ፤ «ይኸን ሌላ ቀን እንነጋገርበታለን» ብላ ልጂቱን አስተኛች።

አምባቸው ስለጠረጠረ አምሐን አንድ ሌሊት እንኳ ማሳደር አይቻልም ነበር። የወለላ አጎት መሪጌታ መርስዔ ኀዘን ዘጌ ካለ ደብር ያገለግላሉ፤ ለገበያ መጥተው ስለነበር አስናቀ ራሱ ሄዶ ከሐይቁ ዳር አገኛቸው።

«እርስዎን መከራ ውስጥ ላስገባዎ ነው የመጣሁ» አላቸው።

«ከእኔ ጋር ቆይቷል ነገሩ፤ ወለላ ነግራኛለች» አሉ መሪጌታ። «አንተ ነህ የዘገየኸው።»

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ እንጨታቸውን አራግፈው ወደ ዘጌ ከሚመለሱት ታንኳዎች በአንዱ፣ አምሐ ጋቢ ተከናንቦ የመሪጌታን የዳዊት ማኅደር አንግቦ እንደ ደቀ መዝሙር ተቀመጠ። ከዚያ ወደ ጎርጎራ፣ ከጎርጎራም ወደ ምድረ ሱዳን ሊያሻግሩት ነው። አስናቀ ሊሸኘው አልደፈረም፤ ከዋርካ ሥር ቆሞ ዓሣ የሚገዛ መስሎ ታንኳዋ ከደንገሉ ኋላ እስክትሰወር አየ።

በማግሥቱ ጠዋት አምባቸው ሁለት የታጠቁ ሰዎች አስከትሎ መጣ። «ልጂቱን ልጠይቅ ብዬ ነው» አለ። ጠየቃት፤ ግንባሯንም ዳበሳት። ከዚያ የማገዶ ክፍሏን አስከፈተ። ወለላ ሌሊቱን ኩበት እስከ ጣራው ከምራ ነበር። ሰዎቹ ጥቂቱን ናዱና አቧራው ሲያስነጥሳቸው ወጡ።

«ወንድምህስ፣ አስናቀ?»

«አላውቅም፣ ጓድ።»

አምባቸው ዓይኑን ሳይነቅል ቆየ። አስናቀም መልሶ አየው። ጆሮው አልቀላም።

ከሳምንት በኋላ ክሩን ለማስወጣት ሲሄዱ ሲስተር የሺአረግ ብቻዋን ነበረች። የመጨረሻውን ክር ስትቆርጥ፣ ቀና ሳትል፣ በለሆሳስ፣ «አማስ ደህና ነው?» አለች።

ወለላ ልጂቱን አንሥታ ደረቷ ላይ አጣበቀች። ነርሷም መቀሷን አስቀምጣ እጇን ታጠበች።

«ምን ማለቷ ነው?» አለች ወለላ ደጅ እንደወጡ። «ወዳጅ ናት ወይስ እየሰለለችን?»

«አላውቅም» አለ አስናቀ። ይህኛው እውነት ነበር፤ ወለላ ግን ለማረጋገጥ ፊቱን ሁለት ጊዜ አየችው።

በዚያ ምክንያት የመጣባቸው ሰው አልነበረም። ያም ሆኖ ነርሷን ገበያ ውስጥ ባዩ ቁጥር መንገድ ይቀይሩ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ ነጋዴ ከሱዳን፣ ከገዳሪፍ፣ የአምሐን ሰላምታ ይዞ ሲመጣ፣ አስናቀ መጀመሪያ፣ «የምን አምሐ? አላውቀውም» ብሎ ከደጅ መለሰው። ሰውዬው ጥቂት ራቅ ካለ በኋላ ነው ሮጦ የደረሰበት።