ፈጣን እርምጃ

በጊደር መጋላ ገበያ በርበሬ የሚሸጠው ኢስሓቅ ጆንያዎቹን ትንሽ በትንሽ ወደ ጎረቤቱ ወደ ዑበይድ ደጃፍ ሲገፋ በመክረሙ፣ የዑበይድ ደንበኞች ሱቁ የሚገቡት በጎናቸው ሾልከው ሆነ። ዑበይድ ጨዋ ሰው ስለሆነ አንድም ቀን ተናግሮት አያውቅም። አንድ ቀን ግን ለሚስቱ በስልክ ሲናገር ኢስሓቅ ሰማው።

«ወላሂ ጀናት፣ እስከ ዛሬ ችላ ብዬ ኖሬያለሁ። ከነገ ጀምሮ ፈጣን እርምጃ ነው!»

ኢስሓቅ ሌሊቱን ሙሉ ሲገላበጥ አደረ። ጧት ሱቁን እንደከፈተ ዑበይድ ቱታ ለብሶ፣ ክንዱን እያወናጨፈ፣ ቁና ቁና እየተነፈሰ ሲመጣ አየ።

«ያ ረቢ፣ መጣብኝ!» አለና አንዱን ጆንያ አቅፎ ወደ ውስጥ ሲጎትት ጆንያው ተተርትሮ በርበሬው ላዩ ላይ ተዘረገፈ። «አውፍ በለኝ ወንድሜ!» አለ እያስነጠሰ። «ሁሉንም አነሳለሁ፣ እርምጃውን ብቻ ተወው!»

«አቦ፣ እንዴት እተወዋለሁ?» አለ ዑበይድ ግራ ገብቶት። «ሐኪሙ ለስኳሬ ያዘዘልኝ እኮ ነው። ፈረስ መጋላ ደርሼ መመለሴ ነው።»

«በእግርህ?»

«ታዲያ በምን ልራመድ?»

ዑበይድ ጆንያዎቹን አየት አደረገና፣ «ከጀመርክ አይቀር ግን የቀሩትንም አስገባቸው» ብሎት መንገዱን ቀጠለ።