የወይዘሮ ቦጋለች ባላገር

አምቦ መናኸሪያ አጠገብ ቅቤ የሚሸጡት ወይዘሮ ቦጋለች ቅቤውን «የባላገር ነው» ካሉ እያመሰገኑት ነው። ለሰው ሲሆን ግን ያንኑ ቃል የሚያወጡት ከንፈራቸውን አጣመው ነው።

ገቢሳ የደንዲ ልጅ ነው፤ ጊንጪ ከብት ያክማል። የወይዘሮዋን ልጅ ሴናን ይወዳል፣ እሷም ትወደዋለች። መጀመሪያ ሱቁ የመጣ ቀን ቅቤ ሊገዛ የቆመውን ሁሉ እየጨበጠ፣ «አካም ጅርቱ? ልጆች ደህና? ከብቱስ?» አለ።

«ላሜ ፍሪጅ ውስጥ ናት» አሉት ወይዘሮ ቦጋለች። ሲወጣም፣ «ባላገር! የሱ ሰላምታ ሳያልቅ ገበያው ይፈታል።»

ሴና እየሳቀች ነገረችው። እሱ አልሳቀም።

ሽማግሌ የሚላክበት ጊዜ ሲደርስ አባቱ ኦቦ ዋቅጋሪ ከአገሩ አንቱ የተባሉትን መረጡ። በማለዳ ሄደው፣ «ቃላችሁን እንሰማለን» እስኪባሉ ደጅ ሊቆሙ።

«ተው አባባ» አለ ገቢሳ። «እነሱ ከተሜ ናቸው። ባላገር ብለው ይስቁብናል።»

አባቱ ለመረጧቸው ሰዎች «ቀርቷል» ብለው ላኩባቸው።

ሴና «እሁድ ይመጣሉ» ብላ ስለነበር እናቷ ከጎረቤት ወንበር ተውሰው በረንዳው ላይ ደረደሩ። አባቷ ኦቦ ጉደታም ጋቢያቸውን ደርበው ጠበቁ። ገቢሳ ሱፍ ለብሶ፣ ኬክ ይዞ፣ ከሥራ ባልደረባው ከቦንሳ ጋር ከባጃጅ ወረደ።

ወይዘሮ ቦጋለች አሻግረው መንገዱን አዩ። «ሽማግሌዎቹ ኋላ ቀሩ እንዴ?»

«የለም፣ እኛው ነን። ነገሩን አጠር እናድርገው ብዬ ነው።»

«አጠር? ልጄ ቅቤ ናት፣ ተመዝና የምትወሰደው?»

ኦቦ ጉደታ አልተቆጡም። «አባት የለህም?»

«አሉኝ።»

«ታመው ነው?»

«ደህና ናቸው። ብቻ... ባላገር ናቸው ብዬ።»

«እኔስ የት የተወለድኩ መሰለህ?» አሉ ኦቦ ጉደታ። «በወለደህ ካፈርክ ነገ እኔን የት ልትደብቀኝ ነው? ሂድ ልጄ። ዛሬ መልስ የለም።»

ኬኩን የተቀበለው የለም። ሴና እስከ በሩ ሸኘችው።

«አንተ ደግሞ የእማዬን አፍ እንደ ሕግ ትወስዳለህ!»

ገቢሳ እዚያው ቆሞ አባቱ ጋ ደወለ። የሆነውን ሳይደብቅ ነገራቸው።

«ቀርቷል ያልኳቸው ሽማግሌዎች ተቀይመዋል» አሉ ኦቦ ዋቅጋሪ። «ዞሬ እለምናቸዋለሁ። እሺ ካሉ በሚመጣው እሁድ እንሄዳለን። አንተ ግን ቤት ትቀመጣለህ፤ የሚያገባ ሰው ከሽማግሌ ጋር አይሄድም።»

«እሺ አባባ።»

«እሺ ካሉ ነው ያልኩት» ብለው ስልኩን ዘጉት።