የአጅዋንግ ሳቅ

ስድስቱም ፎቶዎች ተመለሱ። ኔትወርኩ አሳስቶት እንደሆነ ብሎ ኦሞድ ገጹን ዘግቶ እንደገና ከፈተው። መልሱ ያው ነው። ከባሮ ድልድይ ላይ ሆኖ ያነሳት የምትጠልቅ ፀሐይ፣ ማንጎ ዛፍ ሥር በቁመታቸው አሰልፎ ያነሳቸው ልጆች፣ ጎህ ሲቀድ ወንዙ ላይ የተኛው ጉም፣ ሁሉም ከጎናቸው ቀይ ምልክት ተደርጎባቸዋል። "ተመሳሳይ ምስል በብዛት አለን" ይላል እንግሊዝኛው።

ይህን ፎቶ የሚሸጥበት ድረ ገጽ ያሳየው ኻሊድ ነው። ሰው ፎቶውን ይጭናል፤ ድረ ገጹ ከተቀበለው የፈለገው ጋዜጣ ወይም ድርጅት ከየትም አገር ሆኖ ይገዛዋል፤ ከሽያጩ ጥቂት ለባለፎቶው ይደርሰዋል። ኻሊድ ከኦሞድ ፎቶ ቤት ግድግዳ ወዲያ የሞባይል ዕቃ ይሸጣል። ወላጆቹ ከጅማ መጥተው ጋምቤላ ሱቅ ከከፈቱ በኋላ እዚሁ የተወለደ ነው። ካሜራ የገዛ ጊዜ ስለ ብርሃን የሚያውቀው አንድም ነገር አልነበረም። ሌንስ በምን እንደሚጠረግ እንኳ ያሳየው ኦሞድ ነው። ኦሞድ ሰሞኑን ይህን ማስታወስ አብዝቷል።

የበሩ መጋረጃ ተገለጠና ኻሊድ ስልኩን ወደ ፊት ዘርግቶ ገባ።

"ኦሞድ ወንድሜ፣ ወላሂ አታምነኝም! አንዱ ፎቶዬ ጉድ አፈላ። መጽሔቶች ናቸው የሚገዙት፤ ደግሞ አንድ ብቻ አይምሰልህ።"

"እሰይ" አለ ኦሞድ። "የትኛው ነው?"

"እየው እስቲ። ድንገት ላስደስትህ ብዬ እኮ ነው እስካሁን ዝም ያልኩህ።"

ኦሞድ ስልኩን ተቀበለ። እንደ ልማዱ መጀመሪያ ያየው ብርሃኑን ነው። የጠዋት ፀሐይ ከውሃው ላይ ተንጸባርቃ የሴትየዋን አገጭና ጉንጭ ከሥር አብርታዋለች። ቀጥሎ የሚዛኑን ሳህንና በሳህኑ ላይ የተጋደመውን አምባዛ ዓሳ አየ። ፊቷን ያየው ከዚያ በኋላ ነው። ራሷን ወደ ኋላ ጥላ፣ ዓይኖቿን ጨፍና፣ የላይኛው ድዷ እስኪታይ የምትስቀው ሴት ሚስቱ አጅዋንግ ነበረች።

"ወንዙ ዳር፣ ዓሳ የምትሸጥበት ቦታ ላይ ነው" አለ ኻሊድ። "ላንሳሽ አልኳት፣ አንሳ አለችኝ።"

"ምን አስቋት ነው?"

ኻሊድ ገና ሳያወራው ራሱ ሳቀ። "በአኙዋክኛ ላናግራት ብዬ ነዋ! ዓሳው ስንት ነው ልላት አስቤ ቃሉ ተምታታብኝና ባልሽ ስንት ነው አልኳት። ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? 'እሱንስ በነጻ ውሰደው!'"

ኦሞድ አብሮት ሊስቅ ሞከረ። አጅዋንግን ስንት ጊዜ አንስቷታል፤ በሠርጋቸው ቀን፣ ልጃቸው ሲጠመቅ፣ በየዓመቱ የገና ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ። በአንዱም ላይ ድዷ አይታይም። ሳቁን ግን ያውቀዋል። ከጎረቤት ሴቶች ጋር ስትጫወት ከአጥር ውጭ ሆኖ ይሰማዋል፤ እሱ ግቢ ሲገባ ድምፁ ዝቅ ይላል።

"ፎቶው ጥሩ ነው" አለ። ሌላ ምን ይበል? ጥሩ ነበር። ያመመውም እሱ ነው።

"አንድ ነገር ላስቸግርህ" አለ ኻሊድ ወንበር ስቦ። "አንድ የውጭ ድርጅት ለማስታወቂያ ፈልጎታል። ለመጽሔት ሲሆን ምንም የለውም፤ ለማስታወቂያ ግን የተነሳው ሰው ፈቅጃለሁ ብሎ ካልፈረመ ድረ ገጹ አይሸጠውም። አንተ ብትጠይቅልኝ ብዬ ነው። ባሏ እያለህ እኔ ሄጄ ፈርሚ ብላት ነውር መሰለኝ። ድርሻዋን እሰጣታለሁ።"

"እጠይቃታለሁ" አለ ኦሞድ።

ኻሊድ ከወጣ በኋላ ጀዊ የስደተኞች ካምፕ የተቀጠረች ልጅ ለመታወቂያ የሚሆን ፎቶ ልትነሳ መጣች። ነጩ መጋረጃ ፊት አስቀመጣትና "ቀጥ በይ። አገጭሽን ከፍ። አትንቀሳቀሺ" አላት። ልጅቷ ቀጥ አለች። ኦሞድ በካሜራው ውስጥ ሲመለከታት አንዳች ነገር አናደደው፤ እሷ ግን ያዘዛትን ከማድረግ በቀር ያጠፋችው ነገር የለም።

አመሻሹ ላይ ካሜራውን አንግቶ ቤቱ ገባ። አጅዋንግ የዓሳውን ሳፋ ግቢ ውስጥ በአመድ እየፈተገች ነበር። ፀሐይዋ ዘቅዝቃ ግድግዳውን ወርቅ አስመስላዋለች፤ ከዚህ የተሻለ ብርሃን አይገኝም።

"ቀና በይ እስቲ፣ ላንሳሽ" አላት በቋንቋቸው።

"አሁን? እንደዚህ ሆኜ?"

"እንደዚሁ። ሳቂ።"

"ምን አገኘሁና?"

"ዝም ብለሽ ሳቂ።"

አጅዋንግ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ቆመች። ጥርሷን አሳየችው። አነሳ። ደገመ። በካሜራው ጀርባ ላይ የወጣችው ሴት ጠዋት መጋረጃው ፊት ከተቀመጠችው ልጅ አትለይም። አጅዋንግ መጥታ በትከሻው ላይ አየችና ከንፈሯን ነከስ አደረገች።

"አንተ ስታነሳኝ እኮ ሐኪም ፊት የቆምኩ ይመስለኛል" አለችው። "ሳላውቀው ትንፋሼን እይዛለሁ።"

በክፋት አልነበረም፤ ተናግራ ወደ ሳፋዋ ተመለሰች። የኻሊድ ጥያቄ ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር። ያን ጊዜ ቢጠይቃት ኖሮ ነገሩ እዚያው ባለቀ። ከአፉ የወጣው ግን ሌላ ነው።

"ኻሊድ ካንቺ ዓሳ ይገዛል እንዴ?"

"ይገዛል፣ ለእናቱ። እሳቸው ቆሮሶ ዓሳ ይወዳሉ።"

"ምን ይልሻል?"

"ምን ይለኛል? ያስቃል።" ቀና ብላ አየችው። "ኦሞድ፣ ምን ሆነሃል?"

"ምንም።"

ስለ ባልና ስለ ዓሳ የተባለውን ቀልድ አልነገረችውም። ምናልባት ረስታው ይሆናል። ምናልባትም ለእሱ የሚነገር አልመሰላት ይሆናል። ኦሞድ ራቱን እየበላ ይህን ሁለተኛውን ሲያመነዥክ አመሸ።

በማግስቱ ኻሊድ ሱቁን ገና ሲከፍት በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀው።

"እምቢ አለች።"

"እውነት? ምን ብላ?"

"ፊቴ እንዲሸጥ አልፈልግም አለች።" ውሸቱ ካሰበው በላይ ተስተካክሎ ወጣ፤ ራሱ አጅዋንግ የተናገረችው መሰለው።

የኻሊድ ፊት ጠቆር አለ። ትንሽ አሰበና ስልኩን ከኪሱ አወጣ። "መብቷ ነው። እንደሱ ከሆነ መጽሔቶቹም አይግዙት። አወርደዋለሁ።"

"እሱን እንኳ ብትተወው..."

"አይሆንም። እሷ ካልወደደችው ምን ይጠቅመኛል?" እዚያው ቆሞ ነካ ነካ አደረገና ስልኩን መልሶ ከተተ። "አድክሜሃለሁ። አላህ ይስጥልኝ።"

ኦሞድ ክርክር ጠብቆ ነበር። ኻሊድ ቢለማመጠው፣ ቢቆጣ፣ የገንዘብ ነገር ቢያነሳ ልቡ ባረፈ። ፎቶ ቤቱን ሲከፍት ግን ትከሻው ቀሎት ነበር፤ እየዘመረ ወለሉን ጠረገ። ቀትር ላይ፣ ሙቀቱ መንገዱን ከሰው ባዶ ሲያደርገው፣ ኮምፒውተሩን ከፍቶ የኻሊድን ገጽ ፈለገ። ድልድዩ አለ፣ የአውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ አለ፣ የአጅዋንግ ቦታ ላይ ምንም የለም። ሊደሰት መሄዱ ነበር። አንዴ ደግሞ ሊያየው ፈልጎ እንደነበር የገባው ከጠፋ በኋላ ነው። እሱ ዘንድ ቅጂ የለውም።

አጅዋንግ በሚቀጥለው ቀን ረፋዱ ላይ ፎቶ ቤት መጣች። በሥራ ሰዓት መጥታ አታውቅም። ኦሞድ አንድ ሽማግሌ እያነሳ ነበር። ሽማግሌው ተነስተው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ሂሳብ ከፍለው እስኪወጡ ድረስ ጥግ ላይ ቆማ ጠበቀች። ያስፈራውም ትዕግሥቷ ነው።

"ኻሊድ ዛሬ ፎቶሽን ለመጽሔት ሸጬ ነበር ብሎ ይቅርታ ጠይቆኝ፣ ዓሳ ሳይገዛ ሄደ" አለች።

ኦሞድ የሌንሱን ክዳን ይፈልግ ጀመር።

"ፊቴ እንዲሸጥ አልፈልግም ብያለሁ አሉ። መቼ ነው ያልኩት?"

ክዳኑን አገኘና ሌንሱ ላይ ገጠመው።

"እኔ እኮ ነኝ የምጠይቅህ።"

"ከእሱ ጋር ትስቂያለሽ" አለ ኦሞድ። እንዲህ ለማለት አላሰበም ነበር። "በእኔ ላይ ትስቃላችሁ።"

አጅዋንግ አፏን ከፍታ አየችው። "ባልሽ ስንት ነው ያለኝን ነው? አዎ፣ ሳቅኩ። ያስቃላ! ቤት መጥቼ ልነግርህ ነበር እኮ። ከዚያ ፊትህን ሳየው ተውኩት። አንተ ቀልድ ሲነገርህ ማን አለ፣ ማን ሰማ ብለህ ነው የምትጠይቀው።"

"እኔ ያነሳሁሽን አንዱንም..." ብሎ ጀመረና መጨረስ አቃተው።

"ቅናቱ ያንተ ነው፣ ያዘው" አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። "አፉ ግን የእኔ ነው። በእኔ አፍ እምቢ እንድትል ማን ፈቀደልህ?"

መጋረጃውን ገልጣ ወጣች፤ ወደ ገበያው የምትመለስ መስሎት ነበር፤ ወደ ጎረቤት ሱቅ ታጠፈች። ኦሞድ ፎቶ ቤቱን እንደተከፈተ ትቶ ተከተላት።

ኻሊድ ከመስታወቱ ጀርባ ቻርጀር ይደረድራል። አጅዋንግ በአማርኛ፣ ቃሉን እየመረጠች፣ "እኔን ጠይቀኝ" አለችው። "እሱ እኔ አይደለም።"

ኻሊድ እሷን አየ፤ ከኋላዋ ኦሞድን አየ። የሆነውን ለመረዳት ጊዜ አልፈጀበትም። ዓይኑን ቶሎ ወደ ቻርጀሮቹ መለሰ።

"እሺ እህቴ" አለ። "ፎቶሽን ለማስታወቂያ ልሽጠው? ትፈቅጂልኛለሽ?"

"መጀመሪያ ልየው። አላየሁትም እኮ።"

ሁለቱም ወንዶች ደነገጡ። እስካሁን እንዳላየችው አንዳቸውም አላሰቡም ነበር። ኻሊድ ከድረ ገጹ ያወረደውን ፎቶ ከስልኩ ፈልጎ አወጣና መስታወቱ ላይ አስቀመጠላት። አጅዋንግ ጎንበስ አለች።

"ውይ፣ ጥርሴ!" አፏን በእጇ ሸፈነች። ከዚያ እጇን አወረደችና ስልኩን ወደ ራሷ ሳበችው። "እናቴን መስያለሁ" አለች ቀስ ብላ።

"ውብ ነው" አለ ኻሊድ፤ ወዲያው ኦሞድን አይቶ አፈረ። "ፎቶው ማለቴ ነው።"

"አንተም ብትሆን ለመጽሔት ስትሸጠኝ አልጠየቅከኝም።"

"እውነትሽን ነው። ልጠይቅሽ ይገባ ነበር።"

"እርዳታ የምትለምን ሴት ናት ብለው እንዳይጽፉብኝ። እኔ ዓሳ ሻጭ ነኝ።"

ኻሊድ አገጩን አከከ። "የሰው ክብር የሚነካ ነገር እንዳይሠሩበት ድረ ገጹ ይከለክላል። ግን እዚህ ሆኜ የሚያደርጉትን ሁሉ አላይም። አይጽፉም ብዬ ልዋሽሽ አልፈልግም።"

አጅዋንግ ይህን በሆዷ መዘነችው። "ካልዋሸኸኝ ይበቃል" አለች። ወደ ባሏ አልዞረችም፤ ኦሞድ ግን ቃሉ ለማን እንደተላከ አልጠፋውም። "እሺ። ግማሹ የእኔ ነው።"

"ግማሹ ያንቺ።"

ኻሊድ ወረቀቱን አውጥቶ የተጻፈውን እያንዳንዱን መስመር በአማርኛ ነገራት። ሁለት ቦታ ላይ አስቆመችውና አስደገመችው። ከዚያ ተጎንብሳ፣ ፊደሎቹን አንድ በአንድ፣ ስሟን ጻፈች። ኻሊድ ወረቀቱን ሊያነሳ ሲል ከታች አንድ ባዶ መስመር ቀርታ አየ።

"ለካ ምስክርም ይፈልጋል" አለ። ወደ ኦሞድ አላየም። "ችግር የለም፣ ከወዲያ ማዶ ሰው እጠራለሁ።" ከመስታወቱ ጀርባ ወጥቶ ወደ በሩ አመራ።

ስልኩ እንደበራ መስታወቱ ላይ ነው። ኦሞድ ጠጋ ብሎ አየው። እሱ በዚያ ጠዋት በኻሊድ ቦታ ቢሆን ኖሮ ዓይንሽን ግለጪ፣ አፍሽን ሰብሰብ አድርጊ ይላት ነበር። እሷም ትታዘዘው ነበር። ይህን ማወቁ ቅናቱን አላበረደለትም፤ ደረቱ ውስጥ እንደነደደ ነው። አጅዋንግ እስክርቢቶውን በሁለት ጣቶቿ ይዛ ውጭውን፣ የሚያልፈውን ባጃጅ ታያለች።

"ኻሊድ፣ ሰው አትጥራ" አለ ኦሞድ።

ኻሊድ ደፉ ላይ ቆመ። ኦሞድ እጁን ወደ ሚስቱ ዘረጋ። አጅዋንግ እጁን ለጥቂት ጊዜ እንዳላየች ሆነች። ከዚያ እስክርቢቶውን ሰጠችው። ኦሞድ ወረቀቱን ወደ ራሱ አዞረና ምስክር በሚለው መስመር ላይ ስሙን ከነአባቱ፣ ከነአያቱ ጻፈ።