ሐኪሙ ያለው ሁሉ

ሐኪሙ ሩብ ሰዓት ሙሉ ተናገረ። ጌጥነሽ ግን፣ "ነርቭዎ ተቆጥቷል ነው የሚለው። በክኒን ይሻሻላል" ብላ በአማርኛ አሳጥራ ተረጎመችለት።

አለኸኝ የእህቱን ልጅ አፍጥጦ አያት። "ሰውዬው ይህን ሁሉ ሲያወራ ላንቺ የደረሰሽ ይቺው ናት?"

"የሮፌ ነገር ነው ጋሼ፤ ሐኪም አንዱን ይደጋግመዋል።"

ምን ይደጋግማል! ዕብራይስጡ ባይገባው ዓይን አለው። ሐኪሙ ከጀርባ አጥንት እስከ ጣት የሚወርድ መስመር ወረቀት ላይ ስሎ፣ መልሶ ሲሰርዘው አይቷል። ያኔ የልጅቱ ፊት ገረጣ። ክኒን ለሚያድነው በሽታ ማን ይገረጣል? ፋብሪካ ውስጥ ሰባት ዓመት ክር ሲቀጥል የኖረ ቀኝ እጁ፣ ከፋሲካ ወዲህ የሸሚዝ ቁልፍ እንኳ እንቢ ብሎታል። አሁን ደግሞ ግራው ጀምሯል።

ኮሪደሩ ላይ ጌጥነሽ "አንዴ ልደውል" ብላ ወደ ግድግዳው ስልክ ሄደች። ለማን ይሆን? ቀስ ብሎ ከኋላዋ ቆመ። የምታናግረው ሚስቱን እታፈራሁን ነበር።

"ደኅና ምሳ ይሥሩላቸው። ሳይበሉ ማንም እንዳይነግራቸው። ጋሽ ወርቅነህንና ሽማግሌዎቹንም ይጥሩ።"

ይህን የመርዶ ሥርዓት ከእሱ በላይ ማን ያውቀዋል? የጌጥነሽ እናት ወደ እስራኤል በሚወስደው መንገድ፣ ሱዳን ላይ ስትሞት፣ "ታማ ነው፤ ትመጣለች" እያለ ልጅቱን ዓመት ሙሉ ያቆያት እሱ ነው። በመጨረሻም እዚሁ ቂርያት ጋት ከተማ ሽማግሌ ሰብስቦ፣ አብልቶ አረዳት። ደግ የሠራ መስሎት ነበር። አሁን በራሱ ሲደርስ፣ እንደ ሕፃን መታለሉ አንገበገበው።

ጌጥነሽ ስትዞር ክው አለች። "ጋሼ! እዚህ ነበሩ?"

"እሞታለሁ?"

"ኧረ ምን ነካዎ! ቤት እንሂድና…"

"ቤት የሚጠብቀኝ መርዶ ነጋሪው ወርቅነህ ነው። እሱም ካንቺ ሰምቶ፣ አለዝቦ ነው የሚነግረኝ። ፖስተኛ ባለፈ ቁጥር እናትሽን ስትጠይቂ እያየሁ ዝም ያልኩ ሰው ነኝ። በድዬሻለሁ ልጄ። አንቺ አትበድዪኝ።"

እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። "ሳይበሉ እንዴት…"

አለኸኝ የሐኪሙን በር በክርኑ ገፍቶ ገባ፤ እሷም ተከተለችው። አንዱን ወንበር በእግሩ አስጠጋላትና ራሱ ከጎኑ ባለው ሌላ ወንበር ተቀመጠ።

"በይ፣ ስንት ጊዜ እንደቀረኝ ጠይቂው" አላት።