የአርባ ቀን አሻንጉሊት

ሳቢሃና ማርያማዊት ከተኳረፉ ሦስት ዓመት አለፋቸው። ቡሬ ውስጥ አጥር ተጋርተው፣ አንዷ ስትወቀስ ሌላዋ እያለቀሰች ያደጉ ልጆች ናቸው። የኩርፊያው ምክንያት አንድ ነው። ማርያማዊት ገበዝ ማርያም ወደምትባል ከተማ አግብታ ሄዳ የመጀመሪያ ልጇን ክርስትና ስታስነሳ፣ ሳቢሃ «እመጣለሁ» ብላ ቀረች። ለሱቋ ዕቃ ልታመጣ ባሕር ዳር ሄዳ ቀኑን ረሳችው። በቃ ረሳችው፣ ምን ይባላል! ደውላ ይቅርታ ብትጠይቅ «ግድ የለም» ተባለች። የጎጃም ሰው «ግድ የለም» ካለ ደግሞ ግዱ ብዙ ነው።

ዘንድሮ ማርያማዊት ሁለተኛ ልጅ መውለዷን ስትሰማ ግን አላስችል አላት። በሳምንቱ ጨክና ደወለች። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ፣ የሁለቱም ምላስ እየተሳሰረ፣ ትንሽ አወሩ።

«ሕፃኑስ ደህና ነው?»

«ደህና ናት። አሁን ገና ተኛች። ስትሞላቀቅ ብታያት!»

«ለክርስትናዋ እመጣለሁ። ወላሂ እመጣለሁ!»

ማርያማዊት «ቀኑን ታውቂው የለ» ብላ ዘጋችው። ቁጣ ይሁን ልመና ሳቢሃ አልገባትም። ይኼን ከቀረች ግን ሌላ ዕድል እንደሌላት ገብቷታል።

ቀኑንማ ማን ያጣዋል! ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ ቀን ክርስትና እንደሚነሳ የቡሬ እስላም ከክርስቲያኑ እኩል ያውቃል። ሳቢሃ ሰማንያ ቆጥራ የግድግዳው ካላንደር ላይ በቀይ ከበበች። ከዚያ ክርና ቁልፍ ከምትሸጥበት ሱቅ መደርደሪያ ደህና ደህናውን ክር መርጣ፣ ኪሮሿን ይዛ፣ አሻንጉሊት መሥራት ጀመረች። መግዛት አቅቷት አይደለም። የተገዛ ነገር ይቅርታ አይሆንም ብላ ነው።

ግን እጇ አላርፍ አለ። የአሻንጉሊቷ ራስ ሲጠብባት ትተረትራለች፣ ሲሰፋባት ትተረትራለች። አረንጓዴውን ቀሚስ ሦስቴ ጀምራ ሦስቴ ፈታችው። ሹሩባውን ሠርታ ስትጨርስ «ያረጀች አስመሰላት» ብላ ነቀለችው፣ መልሳ ሠራችው።

እናቷ ናጂሃ አይታ አይታ ሰለቻት። «አንቺ ልጅ፣ ክሩን ነው አንጀትሽን ነው የምትተረትሪው?»

«ገና ብዙ ቀን አለኝ፣ እማ።»

በሠላሳ ዘጠነኛው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ የማርያማዊት አክስት እትዬ ንግሥቴ ጥላቸውን እየተመረኮዙ ሱቅ ገቡ።

«እንዴት ዋሉ እትዬ? ምን ልስጥዎ?»

«ተመስገን ልጄ። ለማተብ የሚሆን ክር ቁረጭልኝ፣ ከጠንካራው። ነገ የማርያማዊት ልጅ ክርስትና አይደል።»

ሳቢሃ ክሩን እየለካች ሳቀች። «ምነው እትዬ፣ ሴት ልጅ በሰማንያ አይደል እንዴ? ገና አርባ ቀን ይቀራታል!»

«የምን ሴት? የወንድ ፈርጥ ነው እንጂ!»

መቀሱ ከእጇ ወደቀ። «ራሷ ናት እኮ ‹ተኛች፣ ተሞላቀቀች› ያለችኝ!»

«አዬ ልጄ! እናት ፍቅር ሲበዛባት ወንዱን ‹አንቺ›፣ ሴቷን ‹አንተ› ማለቷን ዛሬ ሰማሽ? አንቺንስ እናትሽ ‹ና እስቲ የኔ ጌታ› እያለች አይደል ያሳደገችሽ?»

እውነታቸውን ነው። ናጂሃ ሆዷ ሲባባ እስከ ዛሬ «አንተ» ነው የምትላት። ሳቢሃ ይኼን እያወቀች መሳሳቷ አንገበገባት።

እትዬ ንግሥቴ ክራቸውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩ። «እኔ አሁኑኑ መሄዴ ነው፤ መኪናው ይጠብቀኛል። ትመጣለች ልበላት?»

«አይንገሩብኝ!» አለች ሳቢሃ። «መንገዱ ቢዘጋስ? ዳግመኛ ‹እመጣለሁ› ብዬ ብቀርስ?»

ሴትዮዋ እንደወጡ ሱቋን ዘግታ ቀሚሱን መተርተር ጀመረች።

«ለአርባ ቀን ልጅ ቀሚስ ሆነ ሱሪ ምኑ ነው?» አለች ናጂሃ።

«እናቱስ? ወንድ ይሁን ሴት እንኳ ሳታጣራ መጣች አትለኝም?»

ቀሚሱ ሱሪ ሆነ። ሹሩባው ተቆርጦ አናቱ ላይ ቁንጮ ቀረ። ነገር ግን ችኮላ መቼ ሥራ ያሳምራል? ዙሩ ተምታታባትና አንዱ እግር ከሌላው በአንድ ጣት ረዘመ። ልትፈታው አሰበች፤ ካላንደሩን አየች፤ ተወችው።

ማለዳ መናኸሪያ ስትደርስ ሚኒባሱ ገና ሦስት ሰው ነበር የያዘው። «ሙላና ውጣ ነው» አለ ረዳቱ። እስኪሞላ ተቀምጣ የአሻንጉሊቱ እግር ውስጥ ጥጥ ትጠቀጥቅ ጀመር። ጥጡ እየበነነ አጠገቧ የተቀመጡት ሰውዬ ኮት ላይ ዐረፈ።

«እቴ፣ መኪና ውስጥ ጥጥ ልትዳምጪብን ነው?» አሏት።

«አንድ ጊዜ ብቻ ይታገሡኝ ጋሼ።»

ፍኖተ ሰላም ላይ ሌላ መኪና ያዘች። ግማሽ መንገድ ሳይሄዱ ፍተሻ ተባለና ሁሉም ወረደ። ፈታሹ ከቦርሳዋ በአንድ እጁ ራስ፣ በሌላው እጁ አካል አወጣ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ሰው ነው» አለች ሳቢሃ። «ገና አልተገጠመም።»

ተሳፋሪው በሳቅ ፈረሰ። እሷ ግን ቀና ብላ ሰማዩን አየች፤ ፀሐይዋ ወጥታለች፣ ቅዳሴው አልቋል፣ ልጁ ተጠምቋል። መኪናው እንደተነሳ አንገቱን መስፋት ጀመረች። በየጉድጓዱ መርፌው ጣቷን ይወጋታል።

ገበዝ ማርያም ስትደርስ ዳሱ በሰው ሞልቷል። ሳቢሃ አሻንጉሊቱን ይዛ በር ላይ ተገተረች። ሦስት ዓመት ያለፋት አንዲት ልጅ መጥታ ከታች ወደ ላይ አየቻት። ያች ሳቢሃ ክርስትናዋ ላይ የቀረችባት የማርያማዊት የመጀመሪያ ልጅ፣ ፀደንያ ነበረች።

«ማነሽ አንቺ?»

«ሳቢሃ እባላለሁ።»

የልጅቷ ዓይን ፈጠጠ። ወደ ዳሱ ዞራ ባላት ድምፅ ሁሉ ጮኸች። «እማዬ! ያልመጣችው ሳቢሃ መጣች!»

እንግዳው ሁሉ ወደ በሩ ዞረ። ሳቢሃ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ማርያማዊት ልጇን እንዳቀፈች ወጣች። ሰላም አላለቻትም። አሻንጉሊቱን ተቀብላ አገላበጠችው።

«አንዱ እግሩ ረዝሟል።»

«እስከ ትናንት ሴት ነበረች» አለች ሳቢሃ፣ እንባዋ እየቀደማት። «ቀሚስ ነበራት። አንቺ ‹ተኛች› ስትዪኝ እኔ ሰማንያ ቆጠርሁ።»

ማርያማዊት ከንፈሯን ነክሳ ልትይዘው ሞከረች፤ ሳቁ አመለጣት። ሳቀች፣ ሳቀችና ድንገት ዓይኗ ሞላ።

«ያኔ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አዲስ ድስት ገዝቼ፣ የሰፈራችንን ባለሱቅ ማህዲን አስጠርቼ፣ በእስላም እጅ ዶሮ አሳርጄልሽ ነበር። ዐሥራ ሁለቱ ብልት ሳይነካ ሁለት ቀን አደረ። ከእኛ ቤት ማን ይበላዋል? አማቴ እያየችኝ ወስጄ ደፋሁት።»

ሳቢሃ ይኼን ሰምታ አታውቅም። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ?»

ማርያማዊት አሻንጉሊቱን ለፀደንያ አስያዘችና ወደ ማድ ቤቱ ተጣራች። «እትዬ! ያንን ድስት አምጡልኝ!»

እትዬ ንግሥቴ ለብቻው ተከድኖ የቆየውን ትንሽ ድስት ይዘው ብቅ አሉ። ሳቢሃ አንዴ ድስቱን፣ አንዴ ሴትዮዋን አየች።

«ነገሯት?»

«ምንም አልተነፈስሁም፣ ማርያምን!»

ሳቢሃ ወደ ጓደኛዋ ዞረች። «እንደምመጣ በምን አወቅሽ ታዲያ?»

«አላወቅሁም» አለች ማርያማዊት። «አሳረድሁ።»