ቤት የቀረው መርፌ

የመሪጌታ ህሩይ ልጅ ሕሊና ስኳር እንዳለባት የታወቀው ገና በልጅነቷ ነው። አሁን አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን ትወጋለች፤ እናቷ ለተ ማርያም ግን ጓዳ አስገብታ በሩን ሳትዘጋ አታስወጋትም።

«ነገ የምታገቢ ልጅ ነሽ። በሽተኛ ናት ከተባለ ማን ደጃችንን ይረግጣል?» ትላታለች።

ጎንደር ቁስቋም ያሉት ጎረቤቶቻቸውም ሆኑ ዘመዶቻቸው አያውቁም። አምና ግን አንዲት የክፍሏ ልጅ ቦርሳዋ ውስጥ መርፌ አየች። በማግስቱ «ዕፅ ትወጋለች» ተባለ፤ ከዚያም የባሰ ተወራ። ከዚያ ወዲህ ሕሊና መርፌ ይዛ ከቤት ወጥታ አታውቅም።

ጥር ላይ የአክስቷ የእቴነሽ ልጅ ሲዳር ሕሊና ብቻዋን ገጠር፣ ኮሶዬ ሄደች። ከቤት ከመውጣቷ በፊት እናቷ የከተተችላትን መድኃኒት ከቦርሳዋ አውጥታ አልጋዋ ሥር ደበቀችው። ዘመድ ሁሉ ተደራርቦ በሚያድርበት የሠርግ ቤት የት ገብታ ትወጋለች? ለጥቂት ቀን ምን ይለኛል አለች።

መጀመሪያ እንደ እኩዮቿ ሆነች። ጨፈረች፣ ጠላ ቀመሰች፣ ሳቀች። በማግስቱ ውሃ አልጠግብ አለች፤ ደጅ መመላለስ አበዛች። ወደ ማምሻው አስመለሳት።

«ምነው ልጄ፣ ጠላው በዛብሽ?» አለች እቴነሽ። የሕሊና ትንፋሽ ጣፈጥ ብሎ ሸተታት። «የከተማ ልጅ መጠጥ አትችልም። ትተኛ፣ ይለቃታል።»

ጠዋት ቁና ቁና ትተነፍስ ነበር። የእቴነሽ ታናሽ ልጅ ፋሲካ ብትነቀንቃት ዓይኗን በጭንቅ ገለጠች።

«መርፌዬን ትቼው መጣሁ።»

«የምን መርፌ?»

«የስኳር።»

ፋሲካ ደጅ ወጥታ ለለተ ማርያም ደወለች። የሰማችውን ስትነግራት ለተ ማርያም፣ «ሌላ ማን ሰማ?» አለች።

«እኔ ብቻ።»

«ለማንም እንዳትነግሪ! መኪና ይዛችሁ ቶሎ አምጧት።»

ፋሲካ ስትመለስ እቴነሽ ልጅቱን በጋቢ አስጠቅልላ ነበር። «ይህስ ቡዳ ነው። መጀመሪያ ጸበል ትጠመቅ» አለች።

«ሐኪም ቤት ይሻላል፣ እማ።»

«አንቺ ምን ታውቂያለሽ?»

ፋሲካ ስለ ስኳሩ ሳትናገር የሕሊናን እግር አነሳች። ተሸክመው ጸበል አደረሷት። ከጸበሉ መልስ ሚኒባስ ሲያገኙ ፀሐይ አናት ላይ ወጥታለች። ሕሊና ጎንደር ሳትደርስ፣ ፋሲካ ጭን ላይ አረፈች።

ልቅሶው ላይ ሰው ሁሉ ምን እንዳገኛት ጠየቀ። ለተ ማርያም «ድንገት ነው» ትላለች። እቴነሽ ግን ደረቷን ትደቃለች፦ «እኔ ነኝ! ጠላ አጠጥቼ የወንድሜን ልጅ የገደልኩ እኔ ነኝ!»

ፋሲካ ለተ ማርያምን አየቻት። ለተ ማርያም መሬት መሬት ታያለች።

«ጠላው አይደለም እማ» አለች ፋሲካ ድንኳኑ ሁሉ እየሰማ። «ስኳር ነበረባት። እኔም እያወቅሁ ዝም አልኩ።»